በጎንደር አሮጌ ቅጥር ሥር የሰፈር ማረፊያ ለመሥራት፦ ከጎርፉ እስከ ጀሪካኑ

ጎንደር ውስጥ ከድሮ ግንብ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም ከፈረሰ የድንጋይ ቤት ጎን ባዶ የቀረ መሬት ብዙ ነው። ቆሻሻ ይደፋበታል፣ አህያ ይታሰርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን መሬት፣ 20 ሜትር በ20 ሜትር እንበል፣ ከሰፈሩ ሰውና ከጀማሪ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ጥላና መቀመጫ ያለው ማረፊያ ለማድረግ ለሚነሳ የመልክዓ ምድር ንድፍ ቡድን የተዘጋጀ ነው። ግንቡን ስለመጠገን አይደለም። የፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ የእሱም ሆነ የሌላው ጥንታዊ ግንብ ጥገና የቅርስ ጠጋኞች ሥራ ነው። የእኛ ድርሻ ከግንቡ እግር ወዲህ ያለው መሬት ነው፤ ግንቡን የሚጥለውም የሚያኖረውም ብዙ ጊዜ ይኸው መሬት ነው።

ነሐሴ ላይ ጀምሩ

ሥራው በበጋ ከተጀመረ ዋናው ነገር ሳይታይ ያልፋል። የጎንደር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ከተማዋም በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ተዳፋት ላይ ስለተቀመጠች የላይኛው ሰፈር ውሃ ሁሉ ወደ ታችኛው ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን የምታዩት ዝናብ እየጣለ፣ ቡትስ አድርጋችሁና ጃንጥላ ይዛችሁ ነው። ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ውሃው በየት በኩል ይገባል፣ የት ይቆማል፣ በየት በኩል ይወጣል። ዝናቡ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ያልደረቀውን ቦታ ዙሪያውን በችካል ምልክት አድርጉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዶፍ 400 ካሬ ሜትር ላይ 20 ሜትር ኩብ ውሃ ያወርዳል፤ ይህ አንድ ሺህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ይህም ቦታው ላይ በቀጥታ የሚወርደው ብቻ ነው። ከላይ ካለው መንገድ፣ ከጎረቤት ጣሪያና ከኮብልስቶኑ የሚመጣው ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቢያንስ 100 ሜትር ሽቅብ ተራመዱና ምንጩን ተከተሉ። የቦታውን ውሃ ብቻ አስቦ የተሠራ ቦይ በመጀመሪያው የሐምሌ ዶፍ ሞልቶ ግንቡ ሥር ይፈስሳል።

መሬቱን በቱቦ ለኩ

ዘመናዊ መለኪያ ካላችሁ መልካም። ከሌላችሁ ግን 20 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ሁለት የመለኪያ ሜትርና ሁለት ሰው ይበቃል። ጀማሪዎችንም በዚህ ማስጀመር ይሻላል፤ ከፍታን በዓይናቸው ማንበብ የሚለምዱት በዚህ ነው።

ቱቦውን ከባልዲ ውሃ በመሳብ ሙሉት፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይቅር። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ያዙ። ውሃው በእኩል ከፍታ ካልቆመ ውስጡ የአየር አረፋ አለ። አረፋ የብዙ ሴንቲ ሜትር ስህተት ያመጣል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ቱቦውን ከዳር እስከ ዳር በጣት እየመታችሁ አረፋውን አውጡ። በምትራመዱበት ጊዜ ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣት ዝጉ፤ ልኬቱን ስታነቡ ሁለቱንም አብራችሁ ክፈቱ። አንዱ ከከፈተ ሌላው ከዘጋ ውሃው አይንቀሳቀስም፤ ንባቡም ሐሰት ይሆናል።

አንድ ሰው ቦታው መሃል ይቆማል፤ ከዚያ እስከ ማዕዘን 14 ሜትር ነው። ሌላው በየ5 ሜትሩ በተተከሉት 25 ችካሎች ላይ ይዞራል። በየችካሉ የውሃውን ከፍታ ከመሬት ለኩና የመሃሉን ንባብ ቀንሱ። መጨረሻ ላይ ወደ መጀመሪያው ችካል ተመለሱ፤ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሙሉውን ድገሙት። ውጤቱን 1 ለ100 መጠን ሣሉት፤ ቦታው ወረቀቱ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ኤ3 ላይ ከነማስታወሻው ይገባል።

ከግንቡ እግር ሦስት ሜትር

ይህን ክፍል ደግማችሁ አንብቡት፤ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው።

ከግንቡ እግር እስከ 3 ሜትር ድረስ አይተከልም፣ ውሃ አይደፋም፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ አይቆፈርም። መሬቱ ከግንቡ ወደ ውጭ በሜትር ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ፤ በ3 ሜትር 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የላላውን የላይ አፈር ብቻ አንሱና ቀይ አፈር እያረጠባችሁ በ7 ሴንቲ ሜትር ንብርብር ሁለት ጊዜ በእጅ መደቅደቂያ ጠቅጥቁ። ንዝረት ያለው ማሽን እዚህ አይገባም፤ የቆየ ግንብ ውስጡ በትንንሽ ድንጋይና በጭቃ የተሞላ ሊሆን ስለሚችል ሲነቀነቅ መሙያው ወደ ታች ይሰምጣል፣ የፊቱ ድንጋይም ያብጣል። ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጠጠር አልብሱት።

ኮንክሪት ለምን አይሆንም የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፤ ጽዱ ነው፣ ውሃም አያስገባም። ችግሩ መሬት ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ቀድሞ በአፈሩ በኩል ይተን የነበረው እርጥበት ኮንክሪት ሲዘጋበት ወደ ግንቡ ይሳባል፤ በድንጋዩና በኖራው በኩል ሲወጣ ጨው እየተወ የድንጋዩን ፊት ይልጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በፋሲል ግቢና በመዋኛው በሲሚንቶና በፌሮ የተሠራው ጥገና ኋላ ተነስቶ በኖራ መተካቱን ማስታወስ ይጠቅማል። ስህተቱን መሬት ላይ መድገም የለብንም።

ሌላም አለ። በብዙ አሮጌ ቅጥር ሥር አፈርና ቆሻሻ ለዘመናት ስለተከመረ መሬቱ ከፍ ብሏል፤ የድሮ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም ተቀብረው ሊሆን ይችላል። ከቅጥሩ ውስጥ እርጥበት የያዘ ወይም የድንጋይ ሽበት የበቀለበት ቦታ ካያችሁ ጠርጥሩ። ግን አትቆፍሩ፤ ፎቶ አንሱና ለቅርስ ባለሙያ አሳዩ።

ከሦስቱ ሜትር ማብቂያ ላይ ቦይ ይውጣ። ስፋቱ 30፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ቁልቁለቱ በሜትር 1 ሴንቲ ሜትር። ለቦታው ውሃ ብቻ ይህ ከበቂ በላይ ነው። 30 ያልነው አካፋ እንዲገባበት ነው። አካፋ የማይገባበት ቦይ አይጠረግም፤ ያልተጠረገ ቦይ ደግሞ በሁለት ክረምት በደለልና በፌስታል ይሞላል። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ብዙ ከሆነ ለእሱ ሌላ ቦይ ከቦታው አናት ላይ አውጡና በጎን አሳልፉት።

ሰፈሩን ስትጠይቁ

“ምን ይሠራላችሁ?” ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ የታወቀ ነው፦ ካፌ፣ ሱቅ፣ ሐውልት። ሰው ባለሥልጣን የመጣ ስለሚመስለው ትልቅ ትልቅ ነገር ይጠራል። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። “እማማ፣ ትናንት ከሰዓት የት ጋ ነበር የተቀመጡት? ፀሐዩ ሲዞር ወዴት ፈቀቅ አሉ?” በቆሎ ጠብሰው የሚሸጡት እናት የትኛው ድንጋይ ላይ በስንት ሰዓት ጥላ እንደሚያርፍ ያውቃሉ፤ ያንን ዕውቀት የትኛውም ሶፍትዌር አይሰጣችሁም።

ከእድሩ ጋር የእድር ስብሰባ ቀን ተገናኙ፤ የተለየ ስብሰባ መጥራት አስፈላጊ አይደለም። ሴቶቹን ውሃ ወረፋ ላይ፣ ሊስትሮዎቹንና ልጆቹን ቦታው ላይ ጠይቁ። ቦታው የደብር ከሆነ መጀመሪያ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋገሩ። ታቦት የሚያልፍበት መንገድ ካለ ስፋቱ በአንድ ስንዝር እንኳ አይጥበብ፤ ጥር 10 ለከተራ የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት። ለደመራ የሚያገለግል ቦታ ከሆነም እሳቱ ከሚነድበት አካባቢ ዛፍም ወንበርም ራቅ ይበል።

ንድፉ ሲደርስ ወረቀት ይዛችሁ አትዙሩ። ቦታው ላይ በአመድ አሥምሩት። ለመቀመጫው ድንጋይ ደርድሩ፣ ለዛፉ ችካል ትከሉ፣ ሳምንት ተዉት። እግረኛው ያሰባችሁትን አበባ መደብ ረግጦ ካለፈ መንገዱ እዚያ ነው፤ መደቡን አንሱት። አመድ በአንድ ዝናብ ይሄዳል፣ ምልክትም አያስቀርም።

ስምምነቱ አንድ ገጽ ይሁን፣ በአማርኛ፣ በእድሩ ዳኛና በቀበሌው ፊርማ። ዋናው ይዘቱ ሦስት ነው፦ የውሃውን ቁልፍ ማን ይይዛል፣ ቦዩን ማን ይጠርጋል፣ ፍየል ከገባ ማን ይጠየቃል።

ፈቃድ

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የማይንቀሳቀስ ቅርስ ባለበት አካባቢ ግንባታና ቁፋሮ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ አይካሄድም። በከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ በኩል ጀምሩ። ማመልከቻው ላይ የቦታው ካርታ፣ ንድፉ፣ የቁፋሮው ጥልቀት በየቦታው የተጻፈበት የጎን ሥዕል፣ የአሁኑ ሁኔታ ፎቶና የሥራ ጊዜ ሰሌዳ ይኑር። የጎን ሥዕሉን አትዝለሉት፤ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚፈልገው ምን ያህል ትቆፍራላችሁ የሚለውን ነው።

ስትቆፍሩ የሸክላ ስባሪ፣ አጥንት፣ የኖራ ወለል ወይም የተጠረበ ድንጋይ ካጋጠማችሁ አቁሙ። አታውጡት፣ አትጠቡት። ሜትር አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ በሸራ ሸፍኑት፣ ወዲያው አሳውቁ። የቀን ሠራተኛው ይህን ከማለዳው ማወቅ አለበት፤ ዶማውን የያዘው እሱ ነው። የዕለት ክፍያው በቆመው ሥራ ምክንያት እንደማይቀነስ ካልተነገረው ግን ያገኘውን ዝም ብሎ ቢመልሰው አትፍረዱበት።

ካብና ኖራ

መቀመጫውን በድንጋይ ካብ ሥሩት። ከፍታው 45፣ ስፋቱ 45 ሴንቲ ሜትር፤ መሠረቱ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በእርግጥ ከሦስቱ ሜትር ውጭ። በየሜትሩ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ አሳሪ ድንጋይ ይግባ። ከላይ የሚቀመጠው ሁለት ሰው የሚያነሳው ይሁን፤ አንድ ሰው ተሸክሞት ሊሄድ የሚችል ድንጋይ ወር ሳይሞላው የሌላ ሰው አጥር ይሆናል።

ድንጋዩ ያው የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ይሁን፣ አሠራሩ ግን አዲስ መሆኑን አይደብቅ። የፋሲልን ጉልላት በኮንክሪት አሳንሶ በር ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ቆሻሻ መጣያ ላይ ሳይቀር ማስቀመጥ በከተማችን ልማድ ሆኗል። እውነተኛው ግንብ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ያስቃል።

ማያያዣ ካስፈለገ አንድ እጅ የበሰለ ኖራ በሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ። ገና ውሃ ያልነካውን የተቃጠለ ኖራ ስታበስሉ ኖራውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን በኖራው ላይ አታፍስሱ፤ ይፈላል፣ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። ከዚያ ውሃ ከላዩ ሳይለየው ቢያንስ አንድ ወር ጉድጓድ ውስጥ ይቆይ። ከተገነባ በኋላ በእርጥብ ጆንያ ለ7 ቀን ይሸፈን። ጥሩው ወቅት ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ በክረምት ይታጠባል፣ በመጋቢት ፀሐይ ቶሎ ደርቆ ዱቄት ይሆናል።

የዛፉን ቁጥር የሚወስነው ውሃው ነው

የተለመደው አካሄድ መጀመሪያ 40 ችግኝ ተክሎ በጥር ውሃ መፈለግ ነው። እናንተ ከመጨረሻው ጀምሩ። ከጥቅምት 1 እስከ ግንቦት 30 ያለው 240 ቀን፣ 34 ሳምንት ነው። የ10,000 ሊትር ሮቶ ለዚህ ሲካፈል በሳምንት 300 ሊትር ገደማ፣ 15 ጀሪካን ይሆናል። 8 ዛፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ 15 ሊትር ቢጠጣ 240 ሊትር ነው፤ 60 ሊትር ለጤና አዳም፣ ለአሪቲና ለኮሰረት መደብ ይተርፋል። እንግዲህ 8 ዛፍ። 400 ካሬ ሜትር ላይ፣ ሦስቱ ሜትር ተቀንሶ፣ ጥላው አያንስም።

ሮቶውን ለመሙላት የቀበሌ ወይም የትምህርት ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሸንዳ ግጠሙ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት፣ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ፣ 8,000 ሊትር ይሰጣል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ስለሚያጥብ ወደ ሮቶው አይግባ። የቧንቧ ውሃ ላይ አትመኩ፤ ለከተማዋ ውሃ የሚያጠራቅመው የአንገረብ ግድብ በደለል ተቸግሯል።

ለዛፍ ወይራና ጽድ ይሻላሉ፤ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ድርቅ ይችላሉ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ግቢ ለለመደ ዓይን እንግዳ አይደሉም። ከግንቡ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቁ። ዋንዛ ቶሎ ጥላ ይሰጣል፤ 10 ሜትር ይራቅ፣ ፍሬው ስለሚያጣብቅ መቀመጫ ላይ አያንዣብብ። ዋርካና ሾላ እዚህ አይተከሉም። በፋሲል መዋኛ ቅጥር ላይ የተጠመጠመው ሥር ለፎቶ ያምራል፤ ድንጋዩን ያላቀቀውም አሁን አቅፎ የያዘውም እሱ ስለሆነ ማንም በቀላሉ አይነካውም። ግንቡ ላይ ወፍ ያመጣው የሾላ ቡቃያ ካያችሁ እንደ እርሳስ ሳይወፍር ለባለሙያ ንገሩ። የወፈረውን መንቀል ድንጋዩን ይዞ መውረድ ነው። ባሕር ዛፍም አይታሰብ።

ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፣ 50 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር፤ የላይኛው አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ። ስትተክሉ የላይኛው ከበሰለ ብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ሥሩ ዘንድ ይግባ። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ጉድጓዱ እንደ ገንዳ ውሃ ይይዛል፤ ችግኙን 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ትከሉ። የምትተክሉት ዝናቡ አፈሩን 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሲያርሰው ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከሰኔ መጨረሻ በኋላ። ፕላስቲኩን ቅደዱና አውጡ፤ ሥሩ ከታች ተጠምዝዞ ከሆነ የታችኛውን 1 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። በችግኝ ተከላ ቀን ግርግር ፕላስቲኩን እንደለበሰ የሚቀበር ችግኝ ብዙ ነው፤ በጥር ደርቆ ሲነቀል ፕላስቲኩ አብሮ ይወጣል።

ግንዱ ዙሪያ ጭድ አታልብሱ፣ አህያ ይበላዋል፤ ጠጠር ይበቃል። እሾህ አጥሩ ዛፉ ከፍየል አፍ በላይ እስኪሆን፣ ሁለት ሜትር ያህል፣ አይነሳ።

ጀማሪዎቹ

አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ ከአራት ጀማሪ በላይ አይያዝ። ለእያንዳንዱ አንድ ሙሉ ሥራ ስጡ፦ አንዷ ቦዩን፣ አንዱ ካቡን፣ አንዷ ተክሉን፣ አንዱ የሰፈሩን ግንኙነት፤ ከልኬት እስከ ርክክብ የራሳቸው ይሁን። ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ያየ ሰው ምንም አልሠራም። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ኮምፒውተር አይከፈት።

ግንበኛውም አስተማሪ ነው። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ጀማሪው ከእሱ ጋር ድንጋይ ይምረጥ፤ የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ እንደሚዞር መዶሻ ሳያነሳ በዓይኑ ይለይ። ለዚህ ሰዓት ግንበኛው ይከፈለው። ጀማሪዎቹም ምሳና ትራንስፖርት ይሸፈንላቸው፣ ስማቸው ንድፉ ላይ ይጻፍ። ስልጠና ተብሎ ነፃ ጉልበት የሚሰበሰብበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ይህን በጽሑፍ አድርጉት።

እያንዳንዱ ጀማሪ ደብተር ይያዝ። ቀን፣ የአየር ሁኔታ፣ የተሠራው፣ የተበላሸው። የተበላሸው የሚለው አምድ ለሳምንት ባዶ ከቆየ ደብተሩ እየተጻፈ ያለው ለእናንተ ነው ማለት ነው፤ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩ።

የመጀመሪያው ክረምት

ከጠቅላላው ወጪ አንድ አስረኛውን ለሁለት ዓመት እንክብካቤ ከመጀመሪያው ለዩ። ቦዩ በግንቦት መጨረሻና በነሐሴ አጋማሽ ይጠረጋል። አሸንዳው ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ይታያል።

ሐምሌ ላይ ደህና ዶፍ ሲጥል እንደገና ጃንጥላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቦዩን የሠራችው ጀማሪም ትምጣ። ሃያ ደቂቃ ከጣለ በኋላ ግንቡ እግር ሥር ተመልከቱ። ውሃ ካቆረ ቦታውን በችካል ምልክት አድርጉ፤ ሲደርቅ ቀይ አፈር ጨምራችሁ ጠቅጥቁ፣ ከዚያ በቱቦው እንደገና ለኩ። ዝቅ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት ካሬ ሜትር ነው፤ በደንብ ያልተጠቀጠቀበት፣ የምሳ ሰዓት የደረሰበት ቦታ።